«ካምቢዮው አልቋል» የተባለላት ኮሮላ፦ የአንድ ክረምት የቫልቭ ጥገና በጅማ

«ካምቢዮው አልቋል፤ ይቀየር።» ይህን ፍርድ በሰኔ አጋማሽ ከሁለት ጋራዥ ሰማሁ። አንደኛው አሥር ደቂቃ ነድቷት ፈረደ። ሁለተኛው ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም። ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ለመግጠም የጠየቁኝ ገንዘብ የሰባት ወር ደመወዜ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ክረምት ላይ ትምህርት ስለሚዘጋ ጊዜው ነበረኝ፤ ገንዘቡ ግን አልነበረኝም። ቁልፍ ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ ይባላል። 1,587 ሲሲ፣ አራት ፒስተን፣ 16 ቫልቭ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች)። ካምቢዮዋ አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚያሻግረው የዘይት ግፊት ብቻ ነው፤ ማርሽ የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም። ይህ ነገር በኋላ ብዙ ጠቅሞኛል። በእጅ ተፈትቶ፣ በዓይን ታይቶ የሚታወቅ ካምቢዮ ነውና።

ችግሩ እንዲህ ነበር። በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ድሮ ሳትቸገር ትወጣው ነበር። አሁን ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ብረግጠውም እየተንፏቀቀች ነው። ጠዋት ደግሞ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መሻገር እምቢ ትላለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ከዚያ ድንገት ከኋላ እንደ ተገፋ ሰው ወደ ፊት ትወረወራለች። መኪናዋ ስትሞቅ ትንሽ ይሻላታል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን በቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፉት። እኔን «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው አሉኝ» አልኳቸው።

«ሞተሩስ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲያው ሞተሩን ሳትጨርስ ካምቢዮውን እንዳትነካ። ፈረሱ ሲያነክስ ጋሪው ነው የሚንገጫገጨው።»

የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ንግግር ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እንደኔ መኪና ያለ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው ሁለት ነገር እያመዛዘነ ነው። አንዱ የመኪናዋ ፍጥነት ነው። ሌላው ሾፌሩ ቤንዚን የሰጠበት መጠን ነው። ይህን ሁለተኛውን ከሞተሩ ስሮትል (የአየር ማስገቢያ በር) ተነስታ ካምቢዮው ውስጥ የምትገባ ቀጭን ገመድ ትነግረዋለች። ብዙ ቤንዚን ከተሰጠ ካምቢዮው «ጭነት አለ» ብሎ ማርሹን ይዞ ይቆያል። አሁን ሞተሩ ደክሟል እንበል። ሾፌሩ ሳያውቀው እግሩን ያጠልቃል። ገመዷ ትሳባለች። ጤነኛው ካምቢዮ የታዘዘውን አድርጎ ማርሽ ያዘገያል። ሾፌሩም «ካምቢዮው ታመመ» ይላል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይድን ስለ ካምቢዮው የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ግምት ነው።

ከአንድ የቴክኒክና ሙያ መምህር ጓደኛዬ የኮምፕሬሽን መለኪያ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት የሚያሳይ) ተዋስኩ። ሞተሩን አሞቅሁት። የካንዴላውን ኤሌክትሪክና የቤንዚኑን መርጫ አቋረጥሁ። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ። ባለቤቴ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጣ ሞተሪኖውን አዞረችልኝ። ቁጥሮቹ በፒኤስአይ (በግፊት መለኪያ አሃድ) እነዚህ ናቸው፦ አንደኛው 155፣ ሁለተኛው 150፣ ሦስተኛው 70፣ አራተኛው 155።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለዚህ ሞተር የጥገና መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር 191 ነው። ያን አይቶ «አራቱም ደክመዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ቀጭን ስለሆነ መለኪያውም ዝቅ ይላል። 191ን በ0.82 ስናባዛው 157 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱ ፒስተኖች ጤነኞች ናቸው። የታመመው ሦስተኛው ብቻ ነው። በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ፋሻ (የፒስተኑ ማሸጊያ ቀለበት) የተቀየረለት ሞተር ስንት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ቀጥሎ በሦስተኛው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ደግሜ ለካሁ። ፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚዘጋ ቁጥሩ በደንብ ይወጣ ነበር። የወጣው 75 ብቻ ነው። ፋሻ አይደለም ማለት ነው።

የቀረው አየሩ በየት እንደሚያመልጥ ማወቅ ነበር። እየተንገዳገደችም ቢሆን ወደ ጎሚስታው ሄድን። ጋሼ ከአሮጌ ካንዴላ ቅርፊት የሠሯት የጎማ ቱቦ መግጠሚያ ነበረቻቸው። ሦስተኛውን ፒስተን ቫልቮቹ ሁሉ በሚዘጉበት ጫፍ ላይ አቆምነው። ከኮምፕሬሰሩ አየር ለቀቅንበት። በዘይት መሙያው በኩል ቢነፋ ፋሻ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ቢንተከተክ የቴስታታው (ቫልቮቹ የሚቀመጡበት የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ቢወጣ የመግቢያ ቫልቭ ነው። ጆሮዬን ወደ ጭስ ማውጫው ጫፍ ሳስጠጋ ፉጨቱ ከማርሚታው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የሦስተኛው ፒስተን የጭስ ማውጫ ቫልቭ አይዘጋም። አንድ ቡሎን ሳንፈታ ይህን አወቅን።

ቤት ተመልሰን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አደርንና የቫልቩን ክዳን አነሳሁ። በዚህ ሞተር፣ እየዞረ ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል በጣም ጠባብ ክፍተት መኖር አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በመግቢያ በኩል ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ በጭስ በኩል ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። በሦስተኛው ፒስተን አንደኛው የጭስ ቫልቭ ላይ ከሁሉ ቀጭኗ የመለኪያ ቅጠል እንኳን አልገባ አለች። ክፍተቱ ዜሮ ነበር።

ቫልቭ ሲቆይ መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ ይወጣል። ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ካምሻፍቱ ቫልቩን ትንሽ ከፍቶ ያቆየዋል። የጭስ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በአብዛኛው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ካላረፈ ይቃጠላል። ነገሩ የሚያሳዝነው ቫልቭ ሲላላ ስለሚንኳኳ ሰው ሰምቶ ያስጠግነዋል፤ ሲጠብ ግን ድምፅ የለውም። ሞተሯ ጸጥ አለች ብዬ ደስ ያለኝ ዓመት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሐምሌ ገባ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ አያባራም። ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ዘርግተን ሥር ገባን። ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቺንጋ ከማውለቄ በፊት የጥርሶቹን ምልክት በነጭ ቀለም ነካካሁ። የዚህ ሞተር ፒስተንና ቫልቭ ቺንጋ ቢበጠስ እንኳን አይጋጩም። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ማረፊያ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም፤ የራሳችሁን መኪና ሳታጣሩ አትመኑት።

ካምሻፍት ሳወጣ ልሳሳት ነበር። አንደኛውን ካምሻፍት ቺንጋው ይነዳዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ የመጀመሪያው በጥርስ ይነዳዋል። በጥርሱ ላይ በሞላ የተወጠረ ተደራቢ ጥርስ አለ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብቶ ሁለቱን ማሰር ያስፈልጋል። እሱን አስሬያለሁ። ነገር ግን ካምሻፍቱን የያዙትን ካፖች ቡሎኖች ከአንድ ጫፍ ጀምሬ መፍታት ያዝሁ። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ቀስ! ከሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት እያልክ ፍታ። በአንድ በኩል ከተነሳ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቅብሃል።»

ልክ ነበሩ። ካምሻፍቱ ቀጥ ብሎ እኩል መነሳት አለበት። ተንጋዶ ከተነሳ የቴስታታው መቀመጫ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ቴስታታ ግዙ ነው። የቴስታታውን አሥር ቡሎኖች ደግሞ ከዳር ወደ መሀል እየተፈራረቅን ፈታን።

ቫልቩ ሲወጣ ጠርዙ ላይ እንደ ተቆረሰ እንጀራ ጎድሏል። ጓደኞቹ አልተቃጠሉም።

ቤት የማይሠራውን ለይቼ ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። የተጎዳውን መቀመጫ በ45 ዲግሪ ማረም፣ የቴስታታውን ፊት መለካት የቤት ሥራ አይደለም። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ መሠራት ነበረበት። የኛ ደህና ነበር። አዲሱ ቫልቭ፣ የቫልቭ ዘይት ጎማዎቹና ጓርኒሲዮኑ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶቡስ መጡ።

ቫልቮቹን ከመቀመጫቸው ጋር ማፋጨቱን ግን እኔው ሠራሁት። ከዚህ ሁሉ ሥራ የወደድኩት ይህን ነው። ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ዱላ ቫልቩን ይይዘዋል። ጠርዙ ላይ ጥቂት የማፋጫ ቅባት ይቀባል። ከዚያ ክብሪት እንጨት እንደሚሽከረከር በሁለት መዳፍ ወዲያና ወዲህ ማሽከርከር ነው። በየጥቂቱ ቫልቩን ነቅሎ ቦታ እያስቀየሩ ደግሞ ማሸት። የሚፈለገው ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚዞር ደብዛዛ ግራጫ ቀለበት ነው። ስፋቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር። አንድ ቦታ ላይ እንኳን ከተቋረጠ እዚያ ያፈስሳል። 16ቱን ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቅባቱን እስከ መጨረሻው ማጠብ የግድ ነው፤ ሞተር ውስጥ ከቀረ ፒስተኑንም ሲሊንደሩንም ይበላል። ቫልቮቹን ከነሞላቸው ገጥሜ ቴስታታውን ገለበጥሁና በየጎድጓዳው ቤንዚን ሞላሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ በአንዱም በኩል አልሰረገም።

ቀጥሎ የክፍተቱ ሒሳብ መጣ። በዚህ ሞተር ክፍተቱ የሚስተካከለው ቫልቩ አናት ላይ ባለች ክብ የብረት ሳንቲም ነው። ሳንቲሞቹ በ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሠራሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከተለካው ክፍተት የሚፈለገውን ትቀንሳላችሁ፣ የተረፈውን ባለችው ሳንቲም ውፍረት ላይ ትደምራላችሁ። አዲሱ ቫልቭ በ2.80 ሳንቲም 0.05 ክፍተት ሰጠን። የምፈልገው 0.25 ነበር። 0.20 ይጎድላል፤ ስለዚህ 2.60 ሳንቲም ያስፈልጋል። ጅማ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ወዳጄ ሳንቲሟን በድንጋይ እንድሞርዳት መከረኝ። እምቢ አልኩ፤ ገጽታዋ የጠነከረ ነው፣ እኩል ካልተሞረደች ካምሻፍቱን ትበላለች። ይልቅ 16ቱንም ሳንቲሞች አውጥቼ ውፍረታቸውን በወረቀት መዘገብሁ። አንደኛው ፒስተን ላይ ያለች 2.60 ለሦስተኛው ልክ ሆነች። የእሷን ቦታ ሌላዋ ያዘች። እንዲህ ሳሸጋሽግ ከ16ቱ የጎደለኝ ሁለት ብቻ ሆነ። ሁለቱን ከሶማሌ ተራ አዘዝኩ።

ቡሎኖቹን ሲያጠብቁ ከመሀል ወደ ዳር ነው፤ በየደረጃው፣ በቶርክ ቁልፍ። ርዝመታቸው እኩል አይደለም፤ አጫጭሮቹ በመግቢያው በኩል፣ ረጃጅሞቹ በጭስ በኩል ናቸው። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ኮምፕሬሽኑ አሁን 155፣ 155፣ 150፣ 155 ነው። በሚኒሞ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያኖርኩት ብርጭቆ ውሃ አልተናወጠም።

ከዚያ ጅሬንን ወጣሁ። ጉልበቷ ተመልሷል። ማርሽ ቅየራዋ ግን ግማሽ ብቻ ነው የዳነው። አሁንም ይዘገያል፤ ብዙም ባይሆን ይገፈትራል።

ገመዷን አየሁ። ስሮትሉ እስከ መጨረሻው ሲከፈት በገመዷ ሽፋን ጫፍና ገመዷ ላይ ባለችው ማቆሚያ መካከል ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ መኖር አለበት። የኔዋ በጣም ተስባለች። ምናልባት ከኔ በፊት የነበረ ሰው የሞተሩን ድካም ለመሸፈን ሲል ነው የወጠራት፤ ዳገት ላይ ማርሹ ቶሎ እንዳያልፍ። በ10 ቁልፍ አላልቼ አስተካከልኳት። ከሰዓት ስነዳት ሌላ መኪና ሆነች። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ካምቢዮ ይቀየር» ያለኝ አንዱም ሰው ይህችን ገመድ አላያትም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ጠዋት ጠዋት፣ ካምቢዮው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ መሻገር አሁንም ይዘገያል። አምስት ደቂቃ ከተነዳች በኋላ የለም። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሁልጊዜም በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚታይ ችግር ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ያለች አንዲት ቫልቭ እየተጣበቀች ነው ብለን ጠረጠርን።

ቫልቭ ቦዲ የካምቢዮው አንጎል ነው። መተላለፊያዎች የተቆፈሩበት የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። በውስጡ እንደ ክር መጠቅለያ ወገባቸው የቀጠነ የብረት ዘንጎች በሞላ ተደግፈው ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ። ዘንጉ ሲንሸራተት አንዱን የዘይት መንገድ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ማርሽ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ዝቃጩ ዘንጉ ላይ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል።

መኪናዋን በጠንካራ የእንጨት ግንድ ላይ አሳረፍናት። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አልገባም፤ ማንም ቢለምነኝ። የካምቢዮውን የታች ጎድጓዳ ስናወርድ 3 ሊትር ገደማ ዘይት ወረደ። ቀይ መሆን ሲገባው ቡናማ ሆኗል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ወሰንን። ጎድጓዳው ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ለስላሳ ግራጫ ጭቃ ይዘዋል፤ ይህ ከዕድሜ የሚመጣ ነው። ብረት ስብርባሪ ወይም ጥቁር የፍሪሲዮን ቅርፊት ቢኖር ኖሮ ሥራውን አቁሜ ክዳኑን እመልስ ነበር። የውስጥ ፍሪሲዮኑ ካለቀ ቫልቭ ማጠብ ምንም አይፈይድም። የለም፤ ስለዚህ ቀጠልን።

በላዩ የተጫኑትን የዘይት ቱቦዎች በካቻቢቴ ቀስ ብዬ እያነሳሁ አወጣሁ። ቡሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ስለሆነ በካርቶን ላይ ቅርጹን ሥዬ እያንዳንዷን በቦታዋ ሰካኋት። በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ግን ሁለቱን ግማሾች ስለያይ ቸኮልኩ። አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ተንከባልላ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣች አላየሁም። ያለቦታዋ ብትገባ ማርሽ ያጠፋል። ሁለት ቀን ቆመ ሥራው።

መልሱን ያገኘሁት ከመካከለኛዋ የብረት ሳህን ላይ ነው። ኳሶቹ ለዓመታት ሲመቷት ባረፉበት ቦታ ላይ የሚያበራ ክብ ምልክት ይተዋሉ። ምልክቶቹን ቆጠርኩ። አንዱ ምልክት ኳስ አልነበረውም። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አመሳከርኩት፤ ገጠመ።

ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነው ያወጣሁት። አንዷን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ ሳልገጥም ሌላዋን አልነካም። ሞላዎቹ ስለሚመሳሰሉ ከተቀላቀሉ አያልቅለትም። መመዘኛዬ አንድ ነበር፤ ቤቱ ሲዘነበል ቫልቯ በራሷ ክብደት መንሸራተት አለባት። ሁሉም ተንሸራተቱ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የምታሻግረዋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተገትራ ቀረች። በጣት ጫፍ መግፋት ነበረብኝ። ዘንጓ ላይ ቡናማ ጥላ አለ። ባለ 1,200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በካምቢዮ ዘይት አርሼ በጣም ቀለል አድርጌ ዙሪያዋን አሸኋት። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የቫልቯ ጠርዝ ስለታም መሆን አለበት፤ ዘይቱን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ መደንዘዝ የለበትም። የአሉሚኒየሙ ቤት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ ይሰፋል፣ ከዚያ ዘይት ያሳልፋል። ሲታጠብ በጨርቅ አላደረቅሁትም። አንዲት የጥጥ ክር መልሳ ታጣብቀዋለች። የጎሚስታው አየር አደረቀልኝ።

አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ማጣሪያ ገባ። የቫልቭ ቦዲው ቡሎኖች 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ናቸው፤ ጉልበት ያሳየ ክሩን ይነጥቃል። ዘይቱ ዴክስሮን 3 ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፌ ወደ ፒ ከመለስኩ በኋላ የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ ለካሁ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ደግሜ ቀየርሁት፤ በመጀመሪያው ቅየራ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት አይወርድምና።

ቫልቭ ቦዲው በተገጠመ ማግስት ጠዋት፣ በብርዱ፣ መኪናዋ ከግቢ ወጥታ አስፋልቱን ሳትይዝ ሁለተኛ ማርሽ ገባች። ጋሼ ከጎኔ ነበሩ። ምንም አላሉም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መስከረም ላይ ወደ አዲስ አበባ ነዳኋት። ግቤ ወንዝ ላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው ዳገት ለማንም መኪና ፈተና ነው። የሙቀት መለኪያው ከመሀል አላለፈም፤ ማርሽ በጊዜው ገባ፣ በጊዜው ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ኮምፕሬሽኑን ደግሜ ለካሁ፤ ሦስተኛው 150 ላይ ነው፣ አልተነቃነቀም። ከካምቢዮው ጎድጓዳ አንድ ጥግ ላይ ግን ዘይት ላብ ያህል ይታየኛል። ጓርኒሲዮኑን ሳላደርቅ የገጠምኩበት ቦታ ነው። በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ አወርደዋለሁ፤ ጓርኒሲዮኑን ከወዲሁ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።